ጦርነትም ወሰን አለው፤ ጠላት ወሰን ቢያልፍስ?





ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ንግግሬን በጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ የመረጥኩት ርእስ፣ ሲያዩት ከመስጊድ ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ርእሱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊነት ሕግ ነው። በቀላል አነጋገር፣ ሰዎች በሚዋጉበት ሰዓት እንኳ ሊያልፉት የማይገባቸውን ወሰን የሚያሰምር ሕግ ማለት ነው። ይህ ሕግ ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ እውነቱስ ከማን ጋር ነው ብሎ አይፈርድም፤ ያ የሌላ ሕግ ሥራ ነው። የዚህኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የቆሰለው ምን ተደረገ? የተማረከውስ? መሣሪያ ያልያዘው ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ምን ደረሰበት? ሐኪም ቤቱ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ የአምልኮው ቤት ተረፈ ወይ?

ስለዚህ ሕግ በተነሣ ቁጥር ሁልጊዜ የሚከተል አንድ ጥያቄ አለ። «እነሱ በኛ ሰው ላይ ይህን ሁሉ አድርገው፣ እኛ ብቻ ለምን እጃችንን እንሰበስባለን?» ይባላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ወንድሙን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ሲጠይቀው ምላሽ ያሳጣል። ዳሩ ግን ያለፉት 160 ዓመታት የሕጉ እድገት ሲመረመር፣ አብዛኛው ለዚሁ ጥያቄ ቀስ በቀስ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሕጉ ከየት ተነሣ?

ጦርነትን በወሰን ማጠር አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ብዙ ሕዝቦች የየራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ብዙ መንግሥታት በአንድ ላይ የሚገቡበት ቋሚ ውል ሆኖ የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። (እ.ኤ.አ. የምለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ሲሆን፣ ዓ.ም. ብቻ ያልኩት የኢትዮጵያን ነው።) ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜን ጣሊያን ሶልፌሪኖ በተባለ ቦታ የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ገጥሞ፣ በአንድ ቀን ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ጠፋ። ለንግድ ጉዳይ በዚያ ያለፈው የስዊሱ ተወላጅ ሄንሪ ዱናንት ቁስለኞች ያለ ውሃና ያለ ሐኪም ወድቀው አየ። በአቅራቢያው ያሉ የመንደር ሴቶችም የወገንና የጠላት ሳይሉ ቁስል ሲያጥቡ ተመለከተ። ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1863 ከ4 የጄኔቫ ሰዎች ጋር ሆኖ በኋላ ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተባለውን መሠረተ። በማግስቱ ዓመት 12 መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፦ የቆሰለ ወታደር የየትኛውም ወገን ይሁን ይነሣ፣ ይታከም፤ የሚያክመውም አይነካ።

የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስምምነቱ ገባ። በ1876 ደግሞ የመስቀሉ ምልክት ለወታደሮቹ ስሜት የማይስማማ መሆኑን ገልጾ፣ በራሱ በኩል ቀይ ጨረቃን እንደሚጠቀም፣ የሌላውን ቀይ መስቀል ግን እንደሚያከብር አስታወቀ። ቀይ ጨረቃ በስምምነት ጽሑፍ የታወቀው በ1929 ነው። ዛሬ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር ይሠራሉ።

«እሱ ካልጠበቀ እኔም አልጠብቅም»

የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበራቸው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ያወጡት የጦር ደንብ ብዙ ግፍ ቢከለክልም፣ ብድር መመለስን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። የ1907ቱ የሔግ ስምምነት ደግሞ ተዋጊዎቹ ሁሉ የፈረሙ ካልሆኑ ስምምነቱ በዚያ ጦርነት አይሠራም የሚል አንቀጽ ነበረው። አንዱ ትንሽ መንግሥት ሳይፈርም ቢገባ፣ የሁሉም ቃል ሊላላ ማለት ነው።

ውጤቱ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ታየ። አንዱ መንግሥት «ወታደሮቼ በእስር ተንገላቱ» ብሎ ሲከስ፣ በእጁ ያሉትን ምርኮኞች ወደ ባሰ ስፍራ ይወስድ ነበር፤ ሌላውም እንዲሁ ይመልሳል። የሚሰቃየው ግን በደሉን የፈጸመው አዛዥ አልነበረም፤ ነገሩን ጭራሽ የማያውቅ ምርኮኛ ነበር። ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1916 ይህ እንዲቆም መንግሥታትን ተማጸነ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1929፣ ስለ ጦር ምርኮኞች የተጻፈው ስምምነት በምርኮኞች ላይ የአጸፋ እርምጃ መውሰድን በግልጽ ከለከለ፤ «ሁሉም ካልፈረሙ» የሚለውንም ሰበብ አስወገደ።

ሰበቡ ግን ከወረቀት ቢጠፋም ከሰው አፍ አልጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመን መንግሥት ሶቪየት ኅብረት የምርኮኞችን ስምምነት አልፈረመችም በሚል ምክንያት በእጁ የወደቁትን የሶቪየት ወታደሮች ለረሀብ፣ ለብርድና ለጥይት ዳረጋቸው። ከ3 ሚሊዮን በላይ አለቁ። «እሱ አልፈረመም» የሚለው ቃል የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1949፣ አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ተጻፉ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ መንግሥታት ሁሉ ተቀብለዋቸዋል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አንቀጻቸው መንግሥታት ስምምነቱን በማናቸውም ሁኔታ እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያዛል። «ሌላው ካከበረ» የሚል ቃል የለበትም። በቁስለኛ፣ በምርኮኛና በጠላት እጅ በወደቀ ሰላማዊ ሰው ላይ ብድር መመለስ ተከለከለ። ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ጦርነትም ዝቅተኛውን ወሰን አበጀ፦ ትጥቁን የፈታ አይገደል፣ አይሰቃይ፣ ክብሩ አይዋረድ፤ ቁስለኛ ይሰብሰብ። ይህ አንቀጽ መንግሥትንም አማፂንም ያስራል። በ1977 የወጣው አንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በሰላማዊ ሕዝብና በአምልኮ ቦታዎች ላይ የሚደረገውን የአጸፋ ጥቃት ከለከለ። እርግጥ ነው፣ ይህን ፕሮቶኮል ያልተቀበሉ፣ ተቀብለውም በዚህ ነጥብ ላይ ተዐቅቦ ያስመዘገቡ መንግሥታት አሉ። መንገዱ ግን ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ነው፤ የብድር በር ደረጃ በደረጃ ሲዘጋ ኖሯል።

ጥያቄው ለኛ አዲስ አይደለም

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለሙስሊሞች በጄኔቫ አልተጀመረም። የሲራ ጸሐፍት እንደዘገቡት፣ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ በኡሑድ ዘመቻ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) ከተገደሉ በኋላ አስከሬናቸው ተቆራርጦ ተገኘ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ብድሩን በእጥፍ የመመለስ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ወዲያው ግን ትዕግሥት ተመረጠ፤ የጠላትንም አስከሬን መቆራረጥ ተከለከለ። ልብ በሉ፤ ክልከላው የመጣው በሰላም ቀን ሳይሆን ጠላት ወሰን ባለፈበት፣ ልብ በቆሰለበት ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበከር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ለዘመተው ጦር የሰጡት መመሪያም የታወቀ ነው። ሴትን፣ ሕፃንንና ሽማግሌን መግደል፣ ፍሬ የሚሰጥን ዛፍ መቁረጥ ከለከሉ፤ በገዳማቸው ለአምልኮ የተቀመጡ መነኮሳትም እንዳይነኩ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1058 ያለፉት የሕግ ሊቅ አል-ማወርዲ ደግሞ በሙዓዊያ ዘመን ሩሞች ውላቸውን ባፈረሱ ጊዜ፣ በሙስሊሞች እጅ የነበሩት መያዣዎች እንዳልተገደሉና እንደተለቀቁ ጽፈዋል። ምክንያቱም ውል ያፈረሰው ሌላ፣ በእጅ ያለው ሌላ ነውና።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአልጄሪያው አሚር ዐብዱልቃድር ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጉ ምርኮኛ እንዳይገደል ደንብ አውጥተው ነበር። አንድ የካቶሊክ ጳጳስ የአንድ ምርኮኛ መለቀቅ በለመኗቸው ጊዜ፣ «ስለ አንዱ ብቻ ለምን ለመንከኝ? በኔ እጅ ስላሉት ሁሉ፣ በናንተ እጅ ስላሉትም ሙስሊሞች ለምን አትለምንም?» የሚል መንፈስ ያለው መልስ እንደሰጡ ይነገራል። ከዚህም የተነሣ የምርኮኞች ልውውጥ ተደረገ።

በኛ አገር የደረሰው

ሕግ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ኢትዮጵያ ከመጽሐፍ አልተማረችም። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የከለከለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጣሊያን በ1928 አጽድቃ ነበር። ኢትዮጵያም በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ተቀበለችው። በዚያው ዓመት ግን የጣሊያን አውሮፕላኖች ቆዳ የሚያቃጥል የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱ፣ በገበሬውና በከብቱ ላይ አዘነቡ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሐኪም ቤት ተመታ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ተደብድቦ በርካታ ሕመምተኞችና አንድ ስዊድናዊ ሞቱ።

የፋሺስቱ መንግሥት ምክንያት ምን ነበር? ብድር መመለስ! አንድ የጣሊያን አብራሪ በኦጋዴን ተይዞ መገደሉን እንደ ሰበብ አቀረበ። የተያዘ ሰው ተገድሎ ከሆነ ያም ጥፋት ነው፤ የኛ ወገን ስላደረገው ጥፋትነቱ አይቀርም። ነገር ግን ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል የፈቀደው አብራሪው ከመያዙ 2 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነበር። የብድር ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሥራው ይቀድማል፣ ሰበቡ ይከተላል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ጣዮቹ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የተገደለው የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው። ከ3 ወር በኋላ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱና ምእመናኑ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልጻፍ፤ ትእዛዙን እንዲፈጽሙ ከተደረጉት መካከል ፋሺስቶች ከቅኝ ግዛት የመለመሏቸው ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። ግራዚያኒ ሃይማኖትን በሃይማኖት ላይ ሊያዘምት ፈልጎ ነበር። እነዚያ ወታደሮች ከአዛዣቸው ቃል በፊት የአቡበከርን (ረ.ዐ.) ቃል ተምረው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ትእዛዝ ግፍን እንደማያነጻ ዓለም በኑረምበርግ ችሎት የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍርዱስ? በ1948 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶልዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን 10 ጣሊያናውያን ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ አለባቸው ሲል ተቀበለ። በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠሩት ግን አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ በአገሩ ችሎት በ1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይሁንና የሌላውንም ቀን እናስታውስ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ ብድሩን እንዳይመልስ አዘዙ። ሕዝቡም፣ የካቲት 12ን በዓይኑ ያየው ሕዝብ፣ በብዛት ታዘዘ። በኋላም ብዙ ጣሊያኖች በመካኒክነት፣ በግንበኝነት፣ በሾፌርነት አብረውን ኖሩ። ያኔ የጋዙ በደል አልተረሳም፤ በበደለኛና ባልበደለው መካከል ግን ልዩነት ተደረገ።

የቅርቡ ዘመን

ኢትዮጵያ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች በ1994 አጽድቃለች። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም በሰላማዊ ሕዝብ፣ በቁስለኛና በምርኮኛ ላይ የሚፈጸም ግፍን በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ታዲያ መከበሩስ?

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር የተደረገውን ጦርነት እንውሰድ። በሔግ የተቀመጠው የካሣ ኮሚሽን በ2003 ስለ ምርኮኞች በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም ጥፋተኛ አድርጓል። ኤርትራ ምርኮኞችን በመግደልና በመደብደብ፣ የቀይ መስቀል ኮሚቴንም እስከ 2000 ድረስ ወደ ምርኮኞቹ ባለማስገባቷ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ምርኮኞችን ጫማ አስወልቃ በማስኬዷ፣ በምግባቸው ማነስና ወደ አገራቸው በማዘግየቷ ተወቅሰዋል። አንዱ የሌላውን ጥፋት ለራሱ ማካካሻ ሊያደርገው አልተቻለም። ኮሚሽኑ ግን የሚያጽናና ነገርም መዝግቧል፦ ሁለቱም ሠራዊቶች ስለ ምርኮኛ አያያዝ ለወታደሮቻቸው ሥልጠና ይሰጡ ነበር፤ ሁለቱም የተማረከውን ከመግደል ይልቅ ከጦር ሜዳ ማውጣትን በመደበኛነት ሠርተውበታል። ብዙ ሰው በሕይወት ወደ እናቱ የተመለሰው በዚህ ሳቢያ ነው። ሕግ ቀድሞ ከተማሩት ይሠራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተደረገው ጦርነት ደግሞ ቁስሉ ገና አልጠገገም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በኖቬምበር 2021 ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ በጦርነቱ የተሳተፉት ወገኖች ሁሉ ሕጉን እንደጣሱ ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለ ገልጸዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው አገኙ። በአማራና በአፋርም ሐኪም ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች የተቀበለው ንጉሥ የሚታወስበት፣ በነጋሽ የሚገኘው መስጊድ ተመታ፣ ተዘረፈ። መስጊዱ ሲመታ ያለቀስን እኛ፣ በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለተገደሉት ሰዎች ምን ያህል አዘንን? በየፊናችን የራሳችንን ሙት ብቻ ከቆጠርን፣ ወሰን የሚባለው ነገር ለማን ይቀራል?

ከኛ ምን ይጠበቃል?

ይህን ሕግ የሚያስከብሩ ችሎቶች አሉ፤ ግን አዝጋሚ ናቸው፣ ኃያላንንም ሁልጊዜ አይደርሱባቸውም። ችሎት ደግሞ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሕጉ ሰውን የሚያድነው፣ ጠብመንጃ የያዘው ወጣት ጣቱን ቃታው ላይ ባደረገበት በዚያች ቅጽበት ከትዝ አለው ነው። በዚያች ቅጽበት ትዝ የሚለው ደግሞ በልጅነቱ በቤትና በመድረሳ የሰማው ነው።

ስለዚህ አንደኛ፣ ወላጆችና ኡስታዞች ለልጆች የኡሑድን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ከኡሑድ በኋላ የነበረውንም መታገሥ እናስተምር። ምርኮኛን መመገብ፣ የወደቀን ማንሣት ፈሪነት እንዳልሆነ ይወቁ። ሁለተኛ፣ አንደበታችንን እንጠብቅ። አንድን ሕዝብ በጅምላ በእንስሳ ስም መጥራት፣ የተገደለ ሰው ምስል በስልክ እየተቀባበሉ መደሰት፣ ለነገው ግድያ ፈቃድ መስጠት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዳይሆንብን። ሦስተኛ፣ አምቡላንስንና የሕክምና ሠራተኛን፣ ቀይ መስቀል ይኑርበት ቀይ ጨረቃ፣ ማንንም ይጫን፣ መንገድ እንልቀቅለት፤ እናስከብረውም። አራተኛ፣ ያየነውን በእውነት እንመስክር፤ የራሳችን ወገን የሠራውንም ጨምረን።

አንባቢ ሆይ፣ «እነሱ ቢያደርጉስ?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው፦ የበደለህ ሰው በሕግ ይጠየቅ፤ በእጅህ የወደቀው ግን የበደለህ እሱ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንኳ ፈራጁ አንተ አይደለህም። አበው ነግ በኔ ይላሉ። ዛሬ በእጅህ ያለው ምርኮኛ የሌላ እናት ልጅ ነው፤ ነገ ደግሞ ያንተው ልጅ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።